ባለሜዳ፣ ያለ ሜዳ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ ጎግል ሳታደርጉ መልሱልኝ። ህዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ታንዛኒያን "በሜዳቸው" አስተናግደው 2 ለ 0 ተሸነፉ። ጨዋታው የት ከተማ ነበር?

ኪንሻሳ። አዎ፣ ኮንጎ።

ቆይ፣ አላለቀም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ራሷን ኮንጎን "በሜዳችን" አስተናግደን እንደዚሁ 2 ለ 0 ተሸንፈን ነበር። የት? ዳሬሰላም፣ ታንዛኒያ። ታንዛኒያን ኮንጎ ላይ፣ ኮንጎን ታንዛኒያ ላይ! ድግስ ደግሶ አንዱን እንግዳ በሌላው እንግዳ ቤት የሚጠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለምን እንደዚያ እንደተደረገ መገመት አይከብድም። ቡድኑ አንዴ ከሄደ እዚያው ሁለቱንም ጨዋታ ጨርሶ ቢመለስ ትኬት ይቆጥባል። ቁጠባውን አልቃወምም። እኔን የሚያናድደኝ ነገሩ ተለምዶ ማንም ሳይደነግጥ ማለፉ ነው።

በመሀል ደግሞ ጥቅምት አለ። ጥቅምት 2 ቀን አቢጃን ላይ በእንግድነት ከጊኒ ተጫወትን፣ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ጊኒም ሀገሯ ላይ መጫወት ስላልተፈቀደላት ነው ጎረቤቷ ኮትዲቯር የሄደችው። ጥቅምት 5 ቀን እዚያው አቢጃን ላይ እኛ "ባለሜዳ" ሆንን። 3 ለ 0። በአራት ቀን ውስጥ ሰባት ጎል፣ ግማሹ እንግዳ ሆነን፣ ግማሹ ባለቤት ሆነን። ልዩነቱ ምን እንደሆነ የገባው ካለ ያስረዳኝ።

እኔ አምቦ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የማስተምር ሰው ነኝ። ተንታኝ አይደለሁም፣ የፌዴሬሽን ሰውም አላውቅም። ግን ዓመታትን ያስቆጠረ ነገር ዝም ብዬ ሳይ ሰለቸኝ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብሔራዊ ቡድናችን ሜዳ ያጣው የጀመርነውን ስለማንጨርስ፣ ባለመጨረሳችንም የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። ሰበቦቹን አንድ በአንድ እመጣባቸዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ጉዞውን እንየው።

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባህር ዳር ላይ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸነፈችን። ከዚያ በኋላ እስከ ህዳር 2017 ድረስ ዋልያዎቹ ሀገራቸው መሬት ላይ አንድም የአፍሪካ ዋንጫ ወይም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አልተጫወቱም። ካፍ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም አለ፣ በቃ። በወሩ ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ "አስተናገድን"፣ 1 ለ 1። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። ያንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፦ ዳዋ ሆጤሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ፣ 2 ለ 0። ግብፅን! ያን ቀን አምቦ ላይ ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ አመሸ። ከዚያ ሞሮኮ ላይ ጊኒን፣ ሞዛምቢክ ማፑቶ ላይ ማላዊን (0 ለ 0)፣ እንደገና ሞሮኮ ላይ ለ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ሴራሊዮንን (0 ለ 0) እና ቡርኪና ፋሶን (0 ለ 3)። ከዚያ ዳሬሰላም፣ አቢጃን፣ ኪንሻሳ።

እኔ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። እስከ ህዳር 2017 ድረስ በሁለቱ ውድድሮች ብቻ "በሜዳችን" 9 ጨዋታ፣ በ7 የተለያዩ ሀገሮች። አንድ ድል፣ ሦስት አቻ፣ አምስት ሽንፈት። ድሉ ያ የሊሎንግዌው ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን ስቆጥር ሁለቴ ደገምኩት፦ እስከዚያ ድረስ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ስድስት "የሜዳችን" ጨዋታዎች ላይ አንድ ጎል አላገባንም። አንድ! ማላዊ ላይ የለም፣ ሴራሊዮን ላይ የለም፣ ቡርኪና፣ ኮንጎ፣ ጊኒ፣ ታንዛኒያ ላይ የለም። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተከታትለን በ4 ነጥብ የምድባችን መጨረሻ ሆነን ጨረስን።

ሦስተኛው ውድድር ቻን ነው፣ ሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆች ብቻ የሚሳተፉበት። ስሙን አስቡት፣ የሀገር ውስጥ ተጫዋቾች ሻምፒዮና! እሱንም ሀገር ውስጥ መጫወት አልቻልንም። ነሐሴ 2014 ላይ ሩዋንዳን "በሜዳችን" የገጠምነው ዳሬሰላም ነበር። ታህሳስ 2017 ላይ ደግሞ ከሱዳን ጋር ሁለቱንም ጨዋታ ቤንጋዚ፣ ሊቢያ ላይ ተጫውተን ሁለቱንም ተሸንፈን ወጣን።

የጅቡቲውን ደግሞ ስሙት። ሰኔ 2016 ላይ ጅቡቲ እኛን "አስተናገደች"። ጅቡቲም እንደኛው ሜዳ አልነበራትም። የት ተጫወትን? ኤል ጃዲዳ፣ ሞሮኮ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር። ከጅቡቲ ጋር ባቡር ያገናኘናል ጎበዝ! የመጀመሪያው ሀዲድ ከተዘረጋ መቶ ዓመት አልፎታል፣ አዲሱም እየሠራ ነው። ዘይቱም ስንዴውም በየቀኑ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሁለት በባቡር የተሳሰሩ ጎረቤቶች ኳስ ለመጫወት አፍሪካን አቋርጠው ሌላ ጫፍ ሄዱ። ይሄን ለ9ኛ ክፍል ልጆች ስነግራቸው አንዱ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ "ባርሲሳ፣ ታዲያ የኛ ሜዳ የቱ ነው?" አለኝ። የሞሮኮን ካርታ አሳየሁት፣ ምን ልበለው።

ትልልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች ሊጉ ሲዘጋ አሜሪካና እስያ "ቱር" ይወጣሉ፣ ታውቃላችሁ። እነሱ የሚሄዱት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው፤ ስታዲየም ይሞላላቸዋል፣ ማልያ ይሸጡበታል። የኛ ቱር የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘብ ይዘን ወጥተን ነጥብም ገንዘብም ጥለን እንመለሳለን። የሰው ስታዲየም፣ የሰው ሆቴል፣ በውጭ ምንዛሬ። ትኬት የሚገዛ ደጋፊ ደግሞ የለም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ "የሜዳችን" ጨዋታ ስንት እንደወጣ ተዘርዝሮ ለሕዝብ ሲነገር የሰማ ሰው አለ? እኔ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ሰበቦቹ።

አንደኛው "ድሀ ነን፣ ስታዲየም ውድ ነው" የሚለው ነው። እሺ፣ ማንን ነው የለመንነው? ማላዊን። ማላዊ በሕዝብ ብዛት ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ፣ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከኛ የምታንስ ሀገር ናት። የቢንጉ ስታዲየምን በቻይና ብድር ሠርታ 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ከፈተች። አንድ ሠራች፣ ጨረሰች፣ ግብፅና ኢትዮጵያን ጋበዘች። ማፑቶም የዚምፔቶ ስታዲየምን ለ2011ዱ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ብላ ሠራች፣ ዛሬም ትጠቀምበታለች። እኛ ግን ስንት ጀመርን? ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ሀዋሳ፣ ነቀምቴ፣ ሌላም ሌላም። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከተዘጋ ዓመታት ተቆጠሩ። ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለለት አደይ አበባ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በ2017 ዓ.ም. እንኳ ገና አላለቀም ነበር። ብር አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ብሩ ለመጀመር ነበረ፣ ለመጨረስ ነው ያጣነው። አስር ግማሽ ስታዲየም ደምራችሁ አንድ ሙሉ ስታዲየም አታገኙም።

እና ካፍ የሚጠይቀው ምንድን ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? ወርቅ አይደለም። ሥርዓት ያለው መልበሻ ክፍል፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ወንበር፣ ለሌሊት የሚበቃ ፓውዛ፣ የህክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ ደህና ሳር። ከሩቅ ፎቶ ሲነሳ የማይታየው ነገር ሁሉ። እኛ ደግሞ የምንሠራው ከሩቅ ፎቶ የሚታየውን ነው። ጣሪያውን፣ ቅርጹን፣ የመሠረት ድንጋዩን። መልበሻ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይሄ በሽታ አዲስ አበባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሆለታ እስከ ባኮ ያለውን መንገድ የሄደ ሰው ያውቃል። በኛ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ታጥረው ሳር የበቀለባቸው፣ "ስታዲየም ይሆናል" የተባሉ ቦታዎች አሉ፤ አጥሩ ከቆመ በኋላ ልጆች ድሮ ይጫወቱበት የነበረውን ሜዳ አጡ፣ ስታዲየሙ ደግሞ አልመጣም። እኛ መምህራን ከደሞዛችን ለስንቱ ተቆርጧል፦ ለዚህ ግንባታ፣ ለዚያ መዋጮ። ደረሰኙ አለኝ፣ የተሠራውን ግን አላየሁም። የማስተምርበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ይዞ ይወጣል፣ ያለን ኳስ ሁለት ነው፣ አንዱ የሚነፋው በየሳምንቱ ነው። ከጀልዱ ፈይሳ ሌሊሳ ወጥቶ ሪዮ ላይ የብር ሜዳሊያ አመጣ። ሯጭ እንደምንም ከገጠር መንገድ ላይ ይወጣል፤ ዳገቱ ራሱ አሰልጣኝ ነው። ኳስ ተጫዋች ግን ከዳገት አይወጣም።

ሁለተኛው ሰበብ "ካፍ ይጠላናል፣ አረቦቹ ተቆጣጠሩት" የሚለው ነው። በዲኤስቲቪ ቤት በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው፣ እውነት ለመናገር ያሳፍረኛል። ካፍን በ1957 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አራት ሀገሮች አንዷ እኛ ነን፣ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 እ.ኤ.አ. የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እሳቸው አሰልጣኝ በነበሩበት በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ወሰድን። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ አፍሪካ ዋንጫን አዘጋጅተናል። የዛሬ 60 ዓመት ገደማ የአፍሪካን ፍጻሜ ያስተናገደ ሀገር በ2017 ዓ.ም. ለማጣሪያ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ አልነበረውም። ይሄንን ያደረገን ካፍ ነው?

እንዲያውም ልጨምርላችሁ። ጥቅምት 5 አቢጃን ላይ 3 ለ 0 ተሸነፍን አልኳችሁ አይደል? በሳምንቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ የት ተደረገ? አዲስ አበባ! የአፍሪካ የእግር ኳስ አለቆች ሁሉ ቦሌ አረፉ፣ በሆቴሎቻችን አደሩ፣ ክትፎ በሉ። እዚያው መድረክ ላይ ደግሞ የ2029ኙን አፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንፈልጋለን ተባለ። መመኘት አይከፋም። ግን መጀመሪያ ከጊኒ ጋር አንድ ጨዋታ ሀገራችን ላይ እንጫወት! ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የ2027ቱን ይዘዋል፣ ያው የካቲት ላይ ሊያዘጋጁት የነበረው ቻን በጥር 2017 ወደ ነሐሴ የተራዘመባቸው ሥራው ስላላለቀ ነው። ሳይጨርሱ "ቅር አይበላችሁ" የሚላቸው አላገኙም። እነሱ ግን ቀን ተቆርጦላቸው ነበር፣ ቀኑን ጠብቀው ይሠሩ ነበር። የኛ ቀን መቼ ነው?

ሌላ ማስረጃ እዚሁ አዲስ አበባ አለ። መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ከታንዛኒያው ያንጋ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ የተጫወተው በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ነው። ተሸንፏል፣ ግን ሀገሩ ላይ ነው የተሸነፈው፣ ደጋፊው አይቶታል። ለክለብ ማጣሪያ የሚጠየቀውና ለብሔራዊ ቡድን የሚጠየቀው እኩል አይደለም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ካፍ በሩን በጠቅላላ እንዳልዘጋብን ያ ጨዋታ ይበቃል። ሃምሳና ስድሳ ሺህ ሰው የሚይዝ ህልም ትተን አንድ መጠነኛ ሜዳ እስከ መጨረሻው ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ሦስተኛው ሰበብ ከሁሉ ይከብደኛል። "ሰው እየተራበ፣ ሰላም ሳይኖር ስለ ኳስ ታወራለህ?" የሚል። የኛን ዞን መንገድ የምታውቁ ይሄ ጥያቄ እንዴት እንደሚያም ታውቃላችሁ። እኔም ሰላም ይቅደም ባይ ነኝ፣ ከዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ሁለት ነገር እንለይ። ካፍ የከለከለን በጸጥታ ምክንያት አይደለም፣ በስታዲየም ደረጃ ነው። ስለዚህ ጦርነቱን ለመልበሻ ክፍሉ ሰበብ አታድርጉት። ደግሞስ ቡድኑ በየሀገሩ ሲዞር የሚወጣው ገንዘብ የተራበ አበላ እንዴ? የትም መጫወታችን አልቀረ፣ ወጪው አልቀረ፤ የቀረው እዚህ መጫወቱ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ሱዳንስ?" ብሎኛል፣ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ላልፈው አልችልም። ሱዳን ጦርነት ውስጥ ናት፣ ሊጓ ቆሞ ነበር፣ ሂላልና መሪክ ሞሪታኒያ ሊግ ገብተው ነበር የሚጫወቱት። ብሔራዊ ቡድኗ "ሜዳዬ" ይለው የነበረው ቤንጋዚን ነው። እኛ አቢጃን ላይ 3 ለ 0 በተሸነፍንበት በዚያው ጥቅምት 5 ቀን ሱዳን ቤንጋዚ ላይ ጋናን 2 ለ 0 አሸነፈች፣ ኋላም ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። "ታዲያ ሜዳ ምን አገባው?" ነው የባልደረባዬ ነገር።

መልሴ ይሄ ነው። ድሮ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ህንዳውያን ነበሩ፣ አንዳንዴ ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳ ላይ ክሪኬት ሲጫወቱ ቆሜ አይ ነበር። ጨዋታው አልገባኝም ነበር፣ አንዱ ግን ተቀምጦ አስረዳኝ። ክሪኬት ሦስት ዓይነት አለው፣ አምስት ቀን የሚፈጀው ቴስት፣ አንድ ቀን የሚፈጀው፣ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው። አንድ ብሔራዊ ቡድን ሌላ ሀገር ሲሄድ ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ተጫውቶ ነው የሚመለሰው፣ ወር ሁለት ወር ይቆያል። ታዲያ መጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ላሆር ላይ የስሪላንካን ቡድን የጫነ አውቶቡስ በታጣቂዎች ተተኮሰበት፣ ፖሊሶች ሞቱ፣ ተጫዋቾች ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ፓኪስታን የሚሄድ ቡድን ጠፋ። ፓኪስታኖች ለአስር ዓመት ገደማ አብዛኛውን "የሜዳቸውን" ጨዋታ ዱባይ፣ አቡዳቢና ሻርጃ ላይ ተጫወቱ። እንዲያም ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. በቴስት ክሪኬት የዓለም አንደኛ ሆነዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቴስት ወደ ሀገራቸው ተመለሰ።

እንግዲህ ፓኪስታንም ሱዳንም ያደረጉትን ልብ በሉ። ሁለቱም ተሰደው አንድ ቦታ ተቀመጡ። ፓኪስታኖች የዱባይን መሬት አጥንተው፣ ለነሱ በሚመች መንገድ ተጫውተው፣ የሚመጣባቸውን እንግዳ አስቸገሩ። ሱዳን በአብዛኛው ቤንጋዚን ይዛ ቀረች፣ ሊቢያ ውስጥ ደግሞ ስደተኛ ወገኗ ብዙ ነው። ስደት ላይም ቢሆን ቤት ይሠራል ማለት ነው። እኛ በ9 ጨዋታ 7 ሀገር ዞርን። ሲፈልገን ሞሮኮ፣ ሲፈልገን ማፑቶ፣ ትኬት ሲያስወድድ ተጋጣሚያችን ቤት። ቤት የለሽ ብቻ ሳንሆን ኪራይ ቤት እንኳ በቅጡ ያልያዝን ሰዎች ሆንን። ደግሞ እነዚህ ሁለት ሀገሮች ያስወጣቸው ጥይት ነው። እኛን ያስወጣን ግን ያላለቀ ግንባታ ነው። ይሄንን ለሰው ሀገር ሰው እንዴት ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

ሜዳ ዋጋ የለውም ለሚል ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይበቃል። በ2004 መጨረሻ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፍን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እኔ ያኔ ዲፕሎማዬን የምማር ልጅ ነበርኩ፤ ያን ምሽት መኝታ ክፍል የቀረ ተማሪ አልነበረም። ህዳር 9 ቀን 2012 ባህር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፍን፣ መጋቢት 2013 ላይ እዚያው ማዳጋስካርን 4 ለ 0። በዚያ ማጣሪያ ካሜሩን ገባን። በቅርብ ዘመን ያለፍንባቸው ሁለቱም የአፍሪካ ዋንጫዎች በሀገራችን ሜዳ በተገኘ ነጥብ ነው። ከወጣን ወዲህ አላለፍንም። አሰልጣኝ ቀያየርን፣ ውበቱ አባተ ሄደ፣ ገብረመድህን ኃይሌ መጣ፣ ሄደ፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ መጣ። ተሸነፍን ባልን ቁጥር ፌስቡክ ላይ አሰልጣኙን እንሰድባለን፣ በረኛውን እንሰድባለን። ልጆቹ ግን ህዳር 10 ቀን ኪንሻሳ ላይ፣ ከሦስት ቀን በፊት "ባለሜዳ" ሆነው በተሸነፉበት ከተማ፣ በእንግድነት ኮንጎን 2 ለ 1 አሸንፈዋል። እግር የላቸውም አትበሉኝ።

አሁን የማስተምራቸው ልጆች 15 እና 16 ዓመታቸው ነው። ባህር ዳር ላይ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ 12 ገደማ ነበሩ። ከአምቦ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትርና ትንሽ ፈቅ ያለ መንገድ ነው፣ ጠዋት ተነስቶ ጨዋታ አይቶ ማታ ይመለሱበት ነበር። ከመካከላቸው ብሔራዊ ቡድኑን በአይኑ ያየ አንድም የለም። የአርሰናልን ተቀያሪ ሁሉ በስም ይቆጥሩልኛል። የዋልያዎቹን አሰላለፍ ስጠይቅ ሁለት ሦስት ስም ይመጣል፣ ከዚያ ጸጥ። ለምን ብዬ ልቆጣቸው? አርሰናል ቢያንስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሃያ ብር ከፍለው የሚያዩት ቤት አለው። የኪንሻሳውን ጨዋታ እኔም የተከታተልኩት ስልክ ላይ፣ ፌስቡክ እያደስኩ፣ በጽሑፍ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ካፍ ስታዲየሞቻችንን በመረመረ ቁጥር የሚሰጠው ሪፖርት አለ፤ ይውጣ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይውጣ፣ ምን እንደጎደለ ሁላችንም እንወቅ። ሽንት ቤት ከሆነ ሽንት ቤት ነው ይባል። በውጭ ሀገር ለተደረገው ለእያንዳንዱ "የሜዳ" ጨዋታ የወጣው ወጪ በብርና በዶላር ይነገር። ፌዴሬሽኑ "ስታዲየም የኔ አይደለም፣ የመንግሥት ነው" ሲል፣ መንግሥት "ኳሱ የፌዴሬሽኑ ነው" ሲል፣ ከተማው "በጀት ከበላይ ነው" ሲል ዓመታት አለፉ፤ አንድ ሰው በስሙ "ይሄን እኔ በዚህ ቀን እጨርሳለሁ" ይበል፣ ካልጨረሰም ይውረድ። አዲስ ስታዲየም ደግሞ አትጀምሩብን። የመሠረት ድንጋይ በቃን። ያለውን አንዱን ጨርሱ። አዲስ አበባ ይሁን፣ ባህር ዳር ይሁን፣ ድሬዳዋ ይሁን፣ ነቀምቴ ይሁን፣ እኔ አላማርጥም፣ በየትኛውም አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

መጋቢት 2017 ላይ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን "በሜዳችን" ገጠምን። ከፌዴሬሽን ሰዎች ይሄንን የሚያነብ ካለ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ካላችሁ፣ ከተማውን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።